የሙሀመድኑር ሽርጥ

ሙሀመድኑር ሰው የሚያስታርቀው በሽርጡ ነው። ሌላው ሽማግሌ ሐዲስ ይጠቅሳል፤ ሌላው ይለምናል፤ ሌላው ደግሞ ካልታረቃችሁ ዱዓዬ አይደርሳችሁም ብሎ ያስፈራራል። ሙሀመድኑር በዚህ ሁሉ አይደክምም። ነገሩ ሲከርር፣ ተጣዪዎቹ ላለመተያየት አንዱ መሬት አንዱ ሰማይ ሲያይ፣ ጉሮሮውን ይጠርግና «እኔ ሽርጤን ውሃ የወሰደብኝ ጊዜ…» ብሎ ይጀምራል። ግማሹ ሰው ገና ሳይሰማ መሳቅ ይጀምራል።

ቀልዱን በከሚሴና በዙሪያዋ የማያውቅ የለም። ነገሩ የሆነው ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ነው። ጨፋ ሜዳ ላይ፣ ከቦርከና ወንዝ በተጠለፈው ቦይ ዳር፣ ሙሀመድኑርና ታናሽ ወንድሙ ኢብራሂም ጎን ለጎን መሬት ነበራቸው። ውሃው የሚጠጣው በተራ ሲሆን ረቡዕ የኢብራሂም ቀን ነበር። አንድ ረቡዕ ሙሀመድኑር ሱብሂን ሰግዶ፣ አካፋውን ትከሻው ላይ ጥሎ፣ የወንድሙን ውሃ ወደ ራሱ ማሳ ሊገለብጥ ወረደ።

«ሌብነትም ሙያ ይጠይቃል እኮ!» ይላል ሲያወራው። «አንድ እግሬን ቦዩ ውስጥ ሳስገባ ጭቃው ጎተተኝ። ተነሣሁ ስል ሽርጤ የለችም። ሳያት በውሃው ላይ እየተንሳፈፈች ትሄዳለች። ወዴት? ወደ ወንድሜ ማሳ! ውሃው እንኳ የማን እንደሆነ ያውቃል። እኔ እስከ ወገቤ ተነክሬ እንደቆምኩ ሴቶቹ ጀሪካን ይዘው ከች አሉ። ‹አያ፣ ምን እየሠሩ ነው?› ዓሣ እያጠመድኩ ነው አልኩ። ‹በቦይ ውስጥ ዓሣ?› አላህ ያለው ሲሳይ ቦታ አይመርጥም አልኩ። ቀና ስል የወንድሜ በሬ ሽርጤን በቀንዱ አንጠልጥሎ እንደ ሙሽራ ይንጎራደዳል። በመጨረሻ የማሽላ አገዳ በፊትም በኋላም አስሬ ቤቴ ደረስኩ። ሚስቴ በሩ ላይ ሆና፣ ‹አገዳ የሚሸጥ መጣ› አለች።»

ሰው ሳቁን ሲጨርስ ዓይኑን እየጠረገ ይቀጥላል፤ «እንግዲህ እኔ ሽርጤን አጥቼ ካልሞትኩ፣ እናንተስ አንዲት ክፉ ቃል ውጣችሁ ብትታረቁ ምን ትሆናላችሁ?» ስንቱ በዚህ ታርቋል! ባልና ሚስት፣ የድንበር ጎረቤት፣ በግመል የተጣሉ የአፋርና የባቲ ሰዎች ሳይቀሩ። «በራሱ ያልሳቀ ሰው ራሱን አያውቅም» ማለት ይወዳል ሙሀመድኑር። እሱ ራሱን በደንብ የሚያውቅ ሰው መሆኑን ማንም አልተጠራጠረም፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ እሱ አልተጠራጠረም።

ያን እሁድ ሽማግሌዎቹ የተቀመጡት ሼህ ኸይረዲን ግቢ፣ የኒም ዛፉ ጥላ ሥር ነው። አምስቱ በአንድ ወገን ምንጣፍ ላይ፣ ፊት ለፊታቸው ሰሌን ላይ ደግሞ ዘይናና ወንድሟ ዓብዱ። የቀረው ሰው አጥሩን ተደግፎ ቆሟል። ነገሩ ቀላል ነበር፤ ቀላል በመሆኑም ነው አራት ዓመት የፈጀው። አባታቸው ሲሞቱ መሬቱን ዓብዱ ያዘው። ዘይና ሸሪዓው የሚሰጠኝን ድርሻዬን ስጠኝ አለች። ዓብዱ ዛሬ ነገ ሲል ከርሞ በመጨረሻ «አባቴ በሕይወቱ ሳለ ለኔ ሰጥቶኛል» አለ። ምስክር የለውም፤ ወረቀትም የለውም። «እምላለሁ» አለ።

ሽማግሌዎቹ ይህን ሲሰሙ ቀለል አላቸው። መሃላ ነገር ይቆርጣል። ሰውየው ቁርኣን ላይ እጁን ይጭናል፣ ሴትየዋ ትቀበላለች፣ ዱዓ ይደረጋል፣ ሁሉም ለመግሪብ ይደርሳል። ግን አስቀድሞ በፍቅር መሞከር ወግ ነውና ሼህ ኸይረዲን «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ብለው ከፈቱ። ከዚያ ሥሩን ሳይነኩት «ዘይና፣ ወንድምሽ አይደለም ወይ? ተይለት» አሉ።

«ስንቱን ልተውለት?» አለች ዘይና። ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው፤ ሻርፗን አጥብቃ አስራ ጉልበቷን አቅፋለች። «አባቴ ሲታመም ያስታመምኩት እኔ ነኝ። መሬቱን አርሼ ልብላበት አላልኩም፤ ልጆቼ አርሰው ይብሉበት ነው ያልኩት። አላህ በቁርኣኑ ቆጥሮ የሰጠኝን እናንተ በምን አንደበት ነው ተይ የምትሉኝ?»

«እኔ እኮ ሆዳም ነኝ» አለ ዓብዱ ሆዱን በመዳፉ እየመታ። «አላህ ሲፈጥረኝ ከልቤ ቆንጥሮ ሆዴ ላይ ጨመረው። ምን ላርግ?» ሰው ሳቀ። ዓብዱም አብሮ ሳቀ።

«አያችሁልኝ?» አለች ዘይና። «አራት ዓመት ሙሉ እንዲህ ነው! መሬቴን ስጠኝ ስለው ራሱን ይሰድብልኛል። ስድቡን ምን ላድርገው? አልዘራው!»

ሙሀመድኑር ጊዜው የሱ መሆኑን አወቀ። ጉሮሮውን ጠረገና «እኔ ሽርጤን ውሃ የወሰደብኝ ጊዜ…» አለ። አጥሩ ሥር የቆሙት ተጠጉ። ቦዩን፣ ሴቶቹን፣ ዓሣውን፣ በሬውን፣ አገዳውን አንድ በአንድ አወረደው። ሼህ ኸይረዲን ጥርስ በሌለው ድዳቸው ሳቁ፤ ዓብዱ እስኪያለቅስ ሳቀና እህቱን በክንዱ ጎሰም አደረጋት።

ዘይና አልሳቀችም። «ሳን ቦዳስ?» አለች በኦሮምኛ። ከዚያ ሁሉም እንዲሰማ በአማርኛ ደገመችው፤ «ከዚያስ?»

«ከዚያማ አለቀ» አለ ሙሀመድኑር።

«እንዴት ያልቃል? ሽርጡን ተውት። ውሃውስ? ዛሬ ረቡዕ ረቡዕ የሚጠጣው የማን ማሳ ነው?»

ሳቁ ገና ከፊቱ አልጠፋም ነበር። «የኔ ነዋ» አለ።

«እንዴት የአንቱ ሆነ? አሁን በአፍዎ የወንድሜ ተራ ነበር አሉ። ልሰርቅ ወረድኩ አሉ።»

«ሽማግሌ ፈረደልኝ።»

«በምን?»

ሙሀመድኑር ወደ ሼህ ኸይረዲን ዞረ። ሼሁ መሳቅ አቁመው ነበር። ያን ጊዜም ሽማግሌ ነበሩ፤ ቁርኣኑን ያቀረቡለት እሳቸው ናቸው። መቁጠሪያቸውን ሁለት ሦስት ጊዜ ካንቀሳቀሱ በኋላ «በመሃላ» አሉ ቀስ ብለው። «ተራው ከአባቴ ጊዜ ጀምሮ የኔ ነው ብሎ ምሎ።»

አንድ ሰው ከአጥሩ በኩል ገና በቀልዱ ይስቅ ነበር። ዘወር ብሎ ሌላው ዝም ማለቱን ሲያይ እሱም ዝም አለ።

ዘይና ብድግ አለች። «ምለው ወሰዱት! ከዚያ ሊሰርቁ እንደወረዱ በየሠርጉና በየእርቁ እያወሩ ያስቁናል። አሥራ አንድ ዓመት! እኛስ ምን ነክቶን ነው የሳቅነው? ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ሲባል እሰማ ነበር፤ ሽማግሌም እንደዚያው ኖሯል ለካ!»

«ዘይና፣ ምላስሽን ሰብስቢ» አሉ ሼህ ኸይረዲን።

«አልሰበስብም! የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች አሉ። አያ ሙሀመድኑር፣ ወንድምዎ ይህን ቀልድ ሰምቶታል? አጠገቡ ሆነው ነግረውት ያውቃሉ? ይሂዱና ይንገሩት። እሱ ከሳቀ፣ ወላሂ እኔም መሬቱን ለዓብዱ ትቼ አብሬያችሁ እስቃለሁ። እስከዚያ ግን በእኚህ ሰው ፊት ማንም ምሎ ሀቄን አይወስድም።» ይህን ብላ ጫማዋን አጥልቃ ወጣች። ሽማግሌዎቹ ለሚቀጥለው እሁድ ቀጠሩ። ዓብዱ ሙሀመድኑርን በሩ ድረስ ሸኘውና እጁን ይዞ «አብሽር አያ! ኢብራሂምን አንቱ ካላሳቁት ማን ያስቀዋል?» አለው።

ሙሀመድኑር ቤቱ የገባው እየተቃጠለ ነው። ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ እንዲህ ያለ ድፍረት በሰው ፊት ደርሶበት አያውቅም። ባጃጅ እንኳ አልያዘም፤ ከሼሁ ግቢ እስከ ቤቱ ድረስ ከራሱ ጋር እየተነጋገረ በእግሩ ሄደ።

«እሷ ማን ናትና ነው!» አለ ለሚስቱ ለሰዓዲያ፤ በሩ ሥር ተቀምጣ የተቀደደ ጆንያ ትሰፋለች። «እኔ ራሴን አዋርጄ ሰው ባስታረቅኩ! ስንቱ ነው ሽርጤን ውሃ ወሰደብኝ ብሎ አደባባይ የሚናገር? ኩራተኛ ብሆን ኖሮ እደብቀው ነበር። ሌባ ነበርኩ ብዬ በአፌ እየተናገርኩ ምን አድርግ ነው የምትለኝ?» ሰዓዲያ መርፌዋን ማስገባት ማውጣቷን ቀጠለች።

«ምነው ዝም አልሽ?»

«አገዳ የሚሸጥ መጣ አላልኩም» አለች።

«ምን?»

«ያን ቀን፣ በሩ ላይ ሆኜ። እንዲህ አላልኩም። አንተም አገዳ አስረህ አልመጣህም። የኢብራሂምን ጋቢ ለብሰህ ነው የመጣኸው። ጭቃውን አጥቤ የመለስኩለት እኔ ነኝ።»

«ቀልድ ነዋ ሰዓዲያ! ቀልድ ላይ ይጨመርበታል።»

«ይጨመርበታል» አለች። «ይህ ግን የተቀነሰበት ነው።» ሙሀመድኑር በሩን ገጭ አድርጎት ወጣ።

ሰኞና ማክሰኞ ተናደደ። በዘይና ተናደደ፤ በሚስቱ ተናደደ፤ አፋቸውን ከፍተው ሲሰሙ ኖረው አንድ ቃል ባልተከራከሩለት ሽማግሌዎች ተናደደ። ለዘይና የሚሰጠውን መልስ እያዘጋጀ ቀልዱን በልቡ ደጋግሞ አወረደው፤ የትኛው ቦታ ላይ እንደተሳሳተች ሊያሳያት። ሌብነትም ሙያ ይጠይቃል የሚለው ደህና ነው። ሽርጧ ተንሳፍፋ መሄዷ ደህና ነው። «ውሃው እንኳ የማን እንደሆነ ያውቃል» የሚለው ቦታ ሲደርስ ግን እግሩ ይያዛል። ይህን ቃል ስንት መቶ ጊዜ ተናግሮታል! ሰው የሚያጨበጭብለት እዚያ ላይ ነው። አሁን ግን ለብቻው ሲሰማው የምስክር ቃል ይመስላል።

ረቡዕ እንደ ልማዱ ማሳው ወረደ። ቦዩን ከፈተ፤ ውሃው ተንጋግቶ ወደ ሽንኩርቱ ገባ። በድንበሩ ማዶ የኢብራሂም የነበረው መሬት ጠፍ ሆኖ ሾህ አብቅሏል። ያን ዓመት ረቡዑን ሲያጣ በርበሬው በቁሙ ደረቀበት፤ በዓመቱ ቤተሰቡን ይዞ ባቲ ገባ። ሙሀመድኑር ይህን ሁሉ ያውቅ ነበር። ማወቅስ ምን ጊዜም ያውቀዋል። ብቻ አንድም ቀን ከሽርጡ ጋር አንድ ላይ አስቦት አያውቅም፤ ሽርጡ የሚያስቅ ነገር ነው፣ መሃላው ያለፈ ነገር ነው፣ የኢብራሂም መሄድ ደግሞ የአላህ ነገር ነው። ሦስቱም በአንድ ዓመት ውስጥ የሆኑ አይመስሉትም ነበር።

«አውዙቢላህ!» አለና አካፋውን ወረወረ። ያን ጊዜም የተናደደው በዘይና ነበር።

ሐሙስ ጠዋት በሚኒባስ ኮምቦልቻ፣ ከዚያ ባቲ ወረደ። የገበያ ቀን ስላልነበር ሜዳው ባዶ ነው። ኢብራሂም በከብት ተራው ዳር ባለች ቆርቆሮ ሱቅ ገመድ፣ ልጓምና የግመል ጭነት ማሰሪያ ይሸጣል። እናታቸው ስትቀበር ከተያዩ ስድስት ዓመታቸው ነው። ኢብራሂም ከስቷል፤ ጢሙም ሸብቷል። ቢሆንም ወንድሙን ሲያይ ተነሥቶ እጁን ሳመና ያንኑ አንድ በርጩማውን ለቀቀለት። እሱ ገመድ ክምር ላይ ተቀመጠ።

«አሳ ጅርታ፣ አያ? ሰዓዲያ ደህና ናት?»

«አልሀምዱሊላህ።» ሙሀመድኑር መንገድ ሙሉ ያዘጋጀው ነገር ጠፋበት። «አንድ ቀልድ ልነግርህ ነበር የመጣሁት» አለ።

ኢብራሂም አየት አደረገው። ከኪሱ ስልኩን አወጣና ስክሪኑን ወዲያ ወዲህ አድርጎ አቀበለው። «ይህን ነው?»

ስልኩ ላይ ሙሀመድኑር ነበር። ሰንበቴ ከተማ አንድ ሠርግ ላይ ሰው ቀርጾት ለብዙ ሰው አድርሶታል። ዙሪያውን ሰው ከቦት፣ አንድ ጉንጩ በጫት ተወጥሮ፣ እጁን እያወናጨፈ «ውሃው እንኳ የማን እንደሆነ ያውቃል!» ይላል። ሰው ሲያጨበጭብ ቆም ብሎ ይጠብቃል። ሙሀመድኑር ራሱን ሲያወራ አይቶ አያውቅም ነበር። የሚጠብቅበትን አኳኋን አልወደደውም፤ ምርቃት እንደሚቀበል ሰው አንገቱን ዘንበል አድርጎ ነው የሚጠብቀው። ከበሬው በኋላ ደግሞ ከንፈሩን ይልስና ዓይኑ ወደ ጎን ሸሸት ይላል፤ ከዚያ ፈጠን ብሎ «የማሽላ አገዳ…» ይላል። ያቺን ነገር ሌላ ማንም አያያትም። እሱ ግን አያት።

«ሳቅክበት?» አለ ድምፁ ተለውጦ።

«ስቄያለሁ። ውሸት ምን ያደርጋል፣ በበሬው ስቄያለሁ። ሁለቴ አየሁት። ከዚያ ሱቄን ዘግቼ ቤቴ ገባሁ።»

«በራሴ ላይ ነው እኮ የምቀልደው፣ ኢብራሂም። አንተን በክፉ አላነሳሁም።»

«በክፉማ አላነሳኸኝም!» አለ ኢብራሂም። ረጋ ያለው ሰው ገንፍሎ ተነሣ፤ ሱቋ ጠባብ ስለሆነች ጭንቅላቱ ከተንጠለጠሉት ልጓሞች ጋር ተጋጨ። «ብታነሳኝ ምን ነበረበት! በሬዬ አለ፣ ማሳዬ አለ፣ እኔ የለሁም። ከዚያ ውሃ ጎትቶ ያወጣህ ማነው? ጋቢዬን አውልቄ ፊቴን አዙሬ የሰጠሁህ ማነው? ሰው እኔን እንዲያይ፣ አንተን እንዳያይ፣ በሸሚዝ ብቻ ፊት ፊት የሄድኩልህ ማነው? እዚያ ምን ትሠራለህ ብዬ ጠይቄሃለሁ? አካፋህን ተሸክሜልህ ነው የሄድኩት፣ አያ!»

ሙሀመድኑር ስልኩን ጭኑ ላይ አስቀመጠ።

«ከሁለት ሳምንት በኋላ ረቡዕ የኔ ነው አልክና ሽማግሌ ፊት ቆምን። ‹ውሃህን ሲወስድ ያየ ሰው አለ?› አሉኝ። ነበረኝ፤ ያየሁት ራሴ ነኝ። ያን ጠዋት እንዲህ ሆኖ አገኘሁት ብል ኖሮ ትምል ነበር? አትምልም። ግን ታላቄ ነህ። እርቃንህን ቆመህ አገኘሁህ ብዬ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ላወራብህ? ያዋርድሃል ብዬ ዝም አልኩ። ዝም ብዬ ረቡዕን አጣሁ፤ በርበሬዬን አጣሁ፤ አገሬን አጣሁ። አንተ ደግሞ በዓመቱ ራስህ ቀልድ አደረግከው! የሸፈንኩልህን ነውር አደባባይ አውጥተህ አስጨበጨብክበት!»

የግመል ገመድ ሊገዛ የመጣ አንድ የአፋር ሰው በሩ ላይ ደርሶ፣ የሁለቱን ፊት አይቶ ተመለሰ። ሙሀመድኑር እንደ ልጅ ነበር ያፈረው። ለዓመታት ራሴን አዋረድኩ ሲል የኖረው በጭቃ ስለወደቀ ሰው ነበር፤ በጭቃ መውደቅ ደግሞ ማንንም አያዋርድም። የሚያዋርደውን ከዚያ ጥሎት፣ በትንሿ ጥፋቱ እያሳቀ ትልቋን ቀብሮ፣ እሱም ራሱ አብሮ ስቆ ረስቷታል። በራሱ የሚቀልድ ሰው ይባልለት ነበር። በማን ነበር የሚቀልደው?

«አውፍ በለኝ፤ ይቅር በለኝ» አለ።

«አልልህም» አለ ኢብራሂም። «ዛሬ አልልህም። ውሸት እንዳይሆንብኝ።»

«እሺ።» ከዚያ የዘይናን ነገር ነገረው፤ ከሳቀ መሬቱን እተዋለሁ ማለቷንም አልደበቀም። «ምን ልበላት?»

«ስቋል በላት። እውነት ነው። የቀረውን ብትነግራት ባትነግራት ያንተ ፈንታ ነው። እኔ አንድ ጊዜ ሸፍኜሃለሁ።» ከዚያ ኢብራሂም ምሳ ሳትበላ አትሄድም ብሎ ቤቱ ወሰደው። በሉ፤ ስለ ውሃ አንድም ቃል አልተነጋገሩም። ሙሀመድኑር ከሚሴ ሲመለስ ቤቱ ከመግባቱ በፊት የቦዩን ተራ የሚያከፋፍለውን የውሃ አባት ፈልጎ አገኘና ረቡዕ የኢብራሂም መሆኑን፣ መሬቱን ለማንም ቢያከራይ ውሃውም አብሮ እንደሚሄድ፣ በሰው ፊት ነገረው።

እሁድ የሼህ ኸይረዲን ግቢ ሞላ። ወሬው ስለተዛመተ የማይመለከተው ሁሉ መጥቶ አጥሩን ተደግፏል፤ ሁለት ሦስት ሰው ስልኩን አዘጋጅቷል። ዓብዱ ነጭ ጀለቢያ ለብሷል። ሙሀመድኑር በቦታው፣ ከሽማግሌዎቹ መሃል ተቀመጠ።

«እህስ?» አለ ዓብዱ አላስችል ብሎት። «ሳቀ ወይስ አልሳቀም?»

«ስቋል» አለ ሙሀመድኑር።

ዓብዱ እጁን አጨበጨበ። የዘይና ፊት አመድ መሰለ። ቃሏን የምታጥፍ ሴት አልነበረችም። ሙሀመድኑር ያን ፊት አየ። እዚህ ላይ ዝም ቢል ሁሉም ነገር እንደሚያልቅ አወቀ፤ አልዋሸም፣ ማንም አይወቅሰውም።

«ግን የሳቀው በግማሹ ነው፤ ቀልዱ እስከ ዛሬ አላለቀም ነበር» አለ። «እኔ ሽርጤን ውሃ የወሰደብኝ ጊዜ…»

ሰው ሳቀ። ገና ምን ሰምቶ!

«ተራው የወንድሜ ነበር። ልሰርቅ ወረድኩ።» ሳቁ። «ከውሃው ያወጣኝ ወንድሜ ነው። ጋቢውን አልብሶ ቤቴ አደረሰኝ።» አሁንም ሳቁ፤ ከኋላ አንዱ «አገዳውስ አያ?» ብሎ ጮኸ። «አገዳ የለም!» አለ ሙሀመድኑር። «አልቀለድኩም!» ይህን ሲል ጭራሽ ግቢው በሳቅ ተናጠ። ሙሀመድኑር ደሙ ፈላ። ሲዋሽ የሳቁለት ሰዎች እውነቱንም ሊስቁበት ነው! ለእነሱ እሱ ማለት ሽርጡ ነው፤ አፉን ከከፈተ ይስቃሉ፤ እንዲህ አድርጎ ያስለመዳቸውም ራሱ ነው።

ተነሥቶ ቆመና ጠበቃቸው። ሼህ ኸይረዲን አልሳቁም፤ መቁጠሪያቸውን ይዘው አጎንብሰዋል። የሰዉ ሳቅ ሲበርድ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ቀጠለ።

«በሁለተኛው ሳምንት እዚሁ ኒም ሥር ቁርኣን ይዤ ማልኩ። ወንድሜ ነውሬን ላለማውጣት ዝም አለ፤ በዝምታው ፈረዳችሁልኝ። ዛሬ ዓብዱ ይምላል ብላችኋል። እኔ ምዬ ስለማውቅ ልንገራችሁ። በሐሰት የማለ ሰው ምንም አይሆንም። እጁ አይደርቅም፣ ምላሱ አይታሰርም። ቤቱ ገብቶ ራቱን ይበላል፤ ይተኛል። በዓመቱ ደግሞ ቀልድ ያገኝበታል። ሰውም ይስቅለታል። እኔን የገደለኝ ይህ ነው።»

አሁን የሳቀ የለም። ስልክ ይዞ የነበረው ሰው ስልኩን አወረደ። ዓብዱ የጀለቢያውን ጫፍ እያጠፈ እየዘረጋ ነበር፤ ቁርኣኑ ከፊቱ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ተቀምጧል፣ አላየውም።

«ትምላለህ?» አሉት ሼህ ኸይረዲን።

ዓብዱ እጁን ከጀለቢያው ላይ አነሳ፤ መልሶ እዚያው አስቀመጠው፤ አልማለም።

ሙሀመድኑር ተቀመጠ። እውነት ለመናገር ምስጋና ጠብቆ ነበር። አላህ ይስጥዎ፣ አንቱ ባይኖሩ መሬቴን አጥቼ ነበር ትለኛለች ብሎ በልቡ ጥግ ጠብቆ ነበር። ሽማግሌ ሲያስታርቅ እንዲህ ይባላል።

«ጨረሱ አያ?» አለች ዘይና።

«ጨረስኩ።»

«እንግዲያው እዚያ ምን ያደርጋሉ?» አገጯን ወደ ሽማግሌዎቹ ምንጣፍ ቀሰረች። «ወዲህ ይምጡ እንጂ። ሀቅ የወሰደ ሰው የሚቀመጠው በዚህ በኩል ነው።»

ንዴቱ ከእግሩ እስከ ራሱ ወጣ። በሰው ፊት ተጋልጦ፣ እውነቱን ተናግሮ፣ ውሃውን መልሶ፣ ይህ ይገባዋል? ምላሱ ላይ አንዲት ቀልድ ዱብ አለች፤ ጥሩ ቀልድ ነበረች፤ ስለ ዕድሜውና ስለ ጉልበቱ። ቢናገራት ግቢው ሁሉ በሳቅ ይፈነዳል፣ ሼሁም ይስቃሉ፣ ዘይናም ብቻዋን ትቀራለች፣ እሱም ከቦታው አይነቃነቅም። ቀልዷ ከየት እንደመጣችና ለምን እንደመጣች ሲያውቃት ጊዜ ዋጣት።

ተነሥቶ ጫማውን በእጁ ያዘና ወደ ሰሌኑ ተሻገረ። ዓብዱ ቀና ሳይል ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀለት።